ቅዳሜ ከሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ለመሥራት ክፍሌን እንዴት ላስፈቅድ?

ነርሱ ከካራ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ብዙውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ምክር ቸግሮኝ መጣሁ።

የሠራዊቱ አባል ነኝ፤ ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ፣ ሙያዬ ነርስ። ካምፓችን ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ቤተሰቤ የሚኖረው ካራ ነው። ተራ ካልደረሰብኝ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት እስከ እሑድ ማታ ቤቴ ነኝ።

ባለፈው ወር ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት ስገባ አንድ ሲኖ ባጃጅ ገጭቶ ደረስኩ። ሰው ከቧል። ሁለት ወጣቶች ተሳፋሪውን አንዱ በብብቱ አንዱ በእግሩ ይዘው፣ እንደ ጆንያ አንጠልጥለው፣ ሌላ ባጃጅ ውስጥ አጥፈው ሊያስገቡት ይታገላሉ። አንዲት እናት ደግሞ የሃይላንድ ውኃ አፉ ላይ ይዘዋል። ክፋት የለም፤ ሁሉም ሊያድኑት ነው። ግን አንገቱ እንዴት እንደተንዘላዘለ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ አልለቅህ አለኝ። የሰፈራችን እድር አዳራሽ አለው። የፌርማታው ባጃጅ ነጂዎች ሃያ ያህል ናቸው፤ አደጋ ሲደርስ ከማንም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት፣ ደም ማቆምን፣ የተጎዳን ሰው አነሳስን፣ መተንፈስ ላቆመ ሰው ደረት መጫንን ባሳያቸውስ? ክፍያ የለውም። የእድሩ ሊቀ መንበርም የነጂዎቹ ተወካይም እሺ ብለዋል።

አሁን ችግሩ። የሻምበል አዛዣችንን በቃል ስጠይቃቸው «ጥሩ ነው፣ በጽሑፍ አምጣ» አሉኝ። «ለበጎ ፈቃድ ሥራ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ሦስት ሳምንት አለፈው። ስጠይቅ «እየታየ ነው»። እድሩ ደግሞ «ከክፍልህ ደብዳቤ ካላመጣህ አዳራሹን አንከፍትም፣ ነገ እኛን እንዳይጠይቁን» ይላል። ክፍሌ «ከሚያሠራህ አካል ደብዳቤ አለህ?» ይለኛል። እዚህ ስሄድ እዚያ፣ እዚያ ስሄድ እዚህ። ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረኝ።

ባሻ ቀልዱ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:31

ወንድሜ፣ ለጽድቅ ሥራ ደግሞ ምን ማኅተም ያስፈልጋል? ሲቪል ልብስህን ለብሰህ ሂድ፣ አስተምር፣ ተመለስ። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ለማየት አስፈቅደህ ታውቃለህ?

የቱሉ ዲምቱው
ማክሰኞ፣ ማታ 4:02

@ባሻ ቀልዱ እንዲህ የምትለው ወታደር ስላልሆንክ ነው። ኳስ ማየትና ሃያ ሰው ሰብስቦ አዳራሽ ውስጥ ማስተማር አንድ አይደለም። አንድ ሰው ቪዲዮ አንስቶ ቲክቶክ ላይ «ወታደሩ ሰፈር ውስጥ ምን እያሠለጠነ ነው?» ብሎ ቢለጥፈው ማን ያስረዳልሃል? በዚህ ጊዜ?

ሃምሳ አለቃ፣ እኔም ክሩን እከተላለሁ። የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ በነፃ ላስጠና ፈልጌ ስድስት ወር ሆነኝ። ያንተን ያህል እንኳ አልደፈርኩም፤ ወረቀቱን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ጡረተኛው ሻምበል
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

ሃምሳ አለቃ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል። ሰው ሀብት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ እንዲህ ያለ ወረቀት ስቀበል ኖሬያለሁና የማውቀውን ልንገርህ። የየክፍሉ አሠራር ይለያያል፤ የኔን እንደ መመሪያ አትውሰደው፣ እዚያው ያለውን ጠይቅ።

መጀመሪያ የደብዳቤህን ርእስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። «ለበጎ ፈቃድ ሥራ ፈቃድ እንዲሰጠኝ»። ፈቃድ፣ ፈቃድ። እኛ ዘንድ ፈቃድ ሲባል ምን ማለት ነው? እረፍት! የዓመት ፈቃድ፣ የሐዘን ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ በቀን ስንት ወረቀት ነው የሚያልፍበት? ርእሱን አይቶ የፈቃድ ጥያቄ ፋይል ውስጥ ከቶታል፤ እወራረዳለሁ። የፈቃድ ጥያቄ ደግሞ ተራ አለው፣ ኮታ አለው። «እየታየ ነው» ያሉህ አልዋሹህም፤ ያንተ ወረቀት እረፍት ከጠየቁት ጋር ተሰልፎ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ ብለሃል። ስለ በጎ አድራጎት ክብር፣ ስለ ወገን ፍቅር ሳትጽፍ አልቀረህም። አዛዥህ እሱን ያውቁታል። ወረቀቱን ሲያነሱ በልባቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ በድንገት ብጠራው በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ስልኩ ይነሳል? ጥበቃ ሲደርሰው «ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ይከራከረኛል? የሚሄድበት ቦታ የማን ነው? አንድ ሰው ቢጎዳ ፊርማዬ የት ላይ ተገኘ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለበት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። አይሆንም ለማለትም እኮ ምክንያት ይፈልጋል፤ ዝምታ ግን ምክንያት አይፈልግም።

ስለዚህ ፈቃድ አትጠይቅ፤ አሳውቅና አስፈቅድ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ኃላፊውን፣ ከካምፕ ያለውን ርቀት ጻፍ። መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አስገባበት፤ ማለቂያ የሌለው ነገር ላይ የሚፈርም አዛዥ አላየሁም። «ግዳጅ ወይም ጥበቃ ሲኖር ያለ ተጨማሪ ማስታወቂያ አቋርጣለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ራስህ ጻፋት፤ እሳቸው እስኪጠይቁህ አትጠብቅ። ክፍያ እንደሌለው በግልጽ አስፍር፤ ውሎ አበልም፣ የትራንስፖርትም።

ከፖለቲካ ጋር አለመነካካቱንም ጻፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። እድሩ አዳራሹን ለስብሰባ እያከራየ እንደሆነ አጣራ። ያንተ ሥልጠና ሲያልቅ የሌላ ሰው ስብሰባ የሚጀመር ከሆነ ቦታ ቀይር።

በመጨረሻ፣ እርከን አትዝለል። ዘግይቷል ብለህ ሻለቃ አዛዡ ዘንድ እንዳትሄድ።

ባሻ ቀልዱ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:05

ሻምበል፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ሁሉ ለሁለት ሰዓት ነው? የሠራዊቱ አባላት ደም ሲለግሱ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ የአርሶ አደር ሰብል ሲሰበስቡ በቴሌቪዥን እናያለን። ያኔ ማን ደብዳቤ ይጽፋል?

ጡረተኛው ሻምበል
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

እሱ በትእዛዝ የተወጣበት ሥራ ነው ልጄ፤ ኃላፊነቱ የክፍሉ ነው። ይህኛው ሰውየው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ስም የሚሠራው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ የኛ ልጅ ካምፑ አጠገብ ያሉ ሕፃናትን ካራቴ በነፃ ያሠለጥን ነበር። ጎበዝ ልጅ። ለማንም አልተናገረም። አንድ ቀን የአንዱ ሕፃን ክንድ ተሰበረ፤ ወላጆቹ በር ላይ መጥተው አዛዡን አስጠሩ። አዛዡ ካራቴ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት ያኔ፣ በር ላይ፣ ዘቡ ፊት ነው። ልጁ የተቀጣው በማስተማሩ አይደለም፤ አዛዡ የገዛ ወታደራቸውን ነገር ከሰው አፍ በመስማታቸው ነው። ማስተማሩም በዚያው ቀረ።

የወታደር ሚስት ነኝ
ረቡዕ፣ ቀን 7:15

ሁላችሁም ስለ አዛዥ ታወራላችሁ። ሃምሳ አለቃ፣ እቤት ያለችውን አዛዥህን አስፈቅደሃል?

አልቀለድኩም። የኔ ባል በወር ሁለት ቅዳሜ ከመጣ ዕድለኛ ነኝ። ልጃችን አባቱን በስልክ ነው የሚያውቀው ማለት ይቻላል። መጥቶ ደግሞ «ለሰፈሩ ልጆች ላስተምር» ቢለኝ ሥራው መልካም መሆኑን እያወቅሁም እናደዳለሁ። ሚስትህ ከፈቀደች ግን እሷንም ይዘሃት ሂድ፤ ሴት ተጎጂ ስትኖር እጃቸው እንዳያፍር የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ነርሱ ከካራ
ረቡዕ፣ ማታ 2:50

@የወታደር ሚስት ነኝ እህቴ፣ ልክ ነሽ። እውነቱን ለመናገር ነግሬያት ነበር እንጂ አልጠየቅኋትም። ዛሬ ጠየቅኋት። መልሷን ዝም ብለን እንለፈው። ቅዳሜ እንደማይሆን ግን ገብቶኛል።

ሻምበል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ መዝገብ ቤት ሄጄ አጣራለሁ።

ባለ ሦስት እግር
ረቡዕ፣ ማታ 3:22

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ያንተ መስመር ባልሆንም ለገጣፎ በኩል ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት ማንም አይመጣልህም! ገበያ ነው፣ ሠርግ ነው፣ የቀናችን ገቢ ያኔ ነው። እሑድ ከስምንት እስከ አሥር መንገዱ ጭር ይላል፤ ሰዉ በልቶ ተኝቷል።

ሌላው፣ የምንፈራውን ነገር መጀመሪያ አንሣልን። ብዙዎቻችን የተጎዳ ሰው የማናነሳው ልበ ደንዳና ሆነን አይደለም። «አንተ ነህ የገጨኸው» እንባላለን ብለን ነው። ሆስፒታል በር ላይ ስምህን መዝግበው ያስቀሩሃል፤ የዚያን ቀን ሒሳብ ለባለንብረቱ ከየት ይመጣል? ይህን ሳታነሳ ስለ ፋሻ ብታወራ «እሺ» ብለው ሰምተው ይሄዳሉ።

ፋሻና ጓንት
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:30

በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛነት ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ስለ ሥልጠናው ጥቂት ልጨምር።

አንደኛ፣ ባነር ላይ ቀይ መስቀል እንዳታስለው። የሰፈር ሰው የሕክምና ነገር ሲያስብ ወዲያው እሱ ነው የሚመጣበት፤ ስንት ክሊኒክና መድኃኒት ቤት እንደሚጠቀምበት እናያለን። ምልክቱ ግን በ1864 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት የተወለደው ለጦር ሜዳ ሕክምና ነው፤ ትርጉሙም «አትተኩሱብኝ» ነው። በየቦታው ከተለጠፈ ትርጉሙ ይሟሽሻል። ለመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ነው። አንተ የጦር ነርስ ስለሆንክ ጉዳዩ ከማንም በላይ ይመለከትሃል።

ሁለተኛ፣ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሄደህ አነጋግራቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ አዛዥህ «ይህ ደግሞ ማነው?» አይሉም። ከእነሱ ጋር ከሠራህ ግን በደንብ ልብስ አይሆንም። ገለልተኝነት ከማኅበሩ መሠረታዊ መርሆች አንዱ ነው፤ ሰው አንተን ሲያይ ወታደር ካየ ያ መርህ ይደበዝዛል።

ሦስተኛ፣ ብዙ አታስተምራቸው። በስምንት ሳምንት ነርስ አታደርጋቸውም። 907 አምቡላንስ መሆኑን ይያዙ፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንን፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ አለማጠጣትን (ያች የሃይላንድ ነገር!)፤ አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅን። ደረት መጫን ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። አሻንጉሊት ከሌለህ ፍራሽ ጠቅልል፤ ቁጥሩን በቃል ከምትነግራቸው እጃቸው ይለምደው።

ሜሪላንድ ያለሁት
ሐሙስ፣ ሌሊት 6:45

እኔ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነኝ፣ ያደግሁት ግን ኮተቤ ነው። እዚህ ከሥራ ሰዓት ውጭ በጎ ፈቃድ መሥራት የተለመደ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ማኅበረሰቡን በነፃ ላገለገለ የጦር አባል የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሜዳሊያ አለ፤ አንድ ቀን ሄዶ ሾርባ መቅዳት አይበቃም፣ በዘላቂነት የተሠራ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ሥራህን የሚነካ ከሆነ አዛዥህ ሊከለክልህ ይችላል። ዩኒፎርም ለብሰህ ጦሩ ድርጅቱን የደገፈ ማስመሰል ደግሞ ክልክል ነው። ሻምበል ካሉት ጋር ሳስተያየው ጭንቀቱ አንድ ዓይነት ነው።

ባሻ ቀልዱ
ዓርብ፣ ጠዋት 1:10

እሺ ተሸነፍኩ። ሜዳሊያው ቢቀር ቡና አፍሉለት።

ነርሱ ከካራ
ዓርብ (ከሳምንት በኋላ)፣ ማታ 2:05

ሻምበል፣ ውርርዱን በልተዋል። ወረቀቴ የተገኘው የዓመት ፈቃድ ፋይል ውስጥ ነው! መዝገብ ቤት ያለው ልጅ «አንተ በግንቦት ነው በጎ ፈቃድ የምትወጣው?» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩ። መጀመሪያ ግን እድሩ ጋ ሄድኩና ሊቀ መንበሩን «እናንተ ፈቃድ መጠየቅ የለባችሁም፤ አዳራሹን በእነዚህ ቀናት እንደምትሰጡ ብቻ ጻፉልኝ፣ "ክፍሉ ከፈቀደ" የሚል ጨምሩበት» አልኳቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ክቡን ማኅተም ከመሳቢያ አወጡ። ያን አያይዤ ለክፍሌ አስገባሁ። ለሚጠቅመው ሰው፣ የኔ ደብዳቤ ስምና ቦታው ወጥቶ ይኸውና፦

«ጉዳዩ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለምሰጠው ነፃ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ትምህርት ማሳወቅና ማስፈቀድን ይመለከታል።

ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ፣ ተረኛ ባልሆንኩባቸው 8 እሑዶች ከቀኑ 8:00 እስከ 10:00 ሰዓት፣ በመኖሪያ ሰፈሬ እድር አዳራሽ ለ20 ባጃጅ ነጂዎች ትምህርት ለመስጠት አስቤያለሁ። የእድሩ ደብዳቤ 1 ገጽ ተያይዟል። ከቦታው ካምፕ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይወስድብኛል፤ ስልኬ ክፍት ይሆናል፤ በተጨማሪም የእድሩ ሊቀ መንበር ስልክ ከታች ተጽፏል። ግዳጅ፣ ጥበቃ ወይም ጥሪ ሲኖር ያለ ተጨማሪ ማስታወቂያ አቋርጣለሁ። ክፍያም አበልም አልቀበልም። የደንብ ልብስ አልለብስም፤ የክፍሉን ስም፣ ንብረትና መድኃኒት አልጠቀምም። ትምህርቱ ከማናቸውም የፖለቲካ እንቅስቃሴ ጋር ግንኙነት የለውም። እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

መድኃኒት አልጠቀምም የምትለዋን የጨመርኩት ራሴ ነኝ። ነርስ ስትሆን የመጀመሪያው ጥርጣሬ የፋሻው ምንጭ ነው። ፋሻና ጓንቱን ነጂዎቹ አዋጥተው ገዝተዋል።

አዛዡ ቆመው አነበቡት። «አርባ ደቂቃ ነው ያልከው? እሑድ ነው ይህ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሆን አትደርስም» አሉና ፈገግ አሉ። ጀርባው ላይ በእጃቸው ጻፉ፦ «ለ8 ሳምንት ተፈቅዷል። ፎቶ አይለጠፍ። ሲያልቅ በቃል ሪፖርት ይደረግ።» ሁለት ቀን ፈጀ።

ጡረተኛው ሻምበል
ዓርብ፣ ማታ 2:48

ጥሩ ነው። ዋናውን ደብዳቤ ፋይልህ ውስጥ፣ ቅጂውን ኪስህ ውስጥ አድርግ። በር ላይ ያለው ዘብ ታሪክህን አያውቅም።

ባለ ሦስት እግር
ዓርብ፣ ማታ 3:00

ከሃያው ስንቱ ይመጣል ብለህ ትጠብቃለህ? እኔ አሥር እላለሁ።

ነርሱ ከካራ
ሰኞ (ከአራት ሳምንት በኋላ)፣ ማታ 3:30

@ባለ ሦስት እግር አሥራ አንድ መጡ። አሁን አሥራ አራት ሆነዋል። ያልከውን አድርጌያለሁ፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ የፈጀነው «አንተ ነህ የገጨኸው» በሚለው ላይ ነው። መፍትሔ አለኝ አልልም። ራሳቸው የተስማሙት ሁለት ሆነው እንዲያነሡ፣ አንዱ ተጎጂውን ከማንቀሳቀሱ በፊት አካባቢውን በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳ፣ 907 የተደወለበት ሰዓትም ስልኩ ላይ እንዲቀር ነው። ይሠራ አይሠራ ወደፊት እናያለን።

ሦስተኛው እሑድ ላይ 8:25 ሲሆን ስልኬ ጮኸ፤ ጥበቃ ተቀያይሮ እኔ ላይ ደርሷል። ፍራሹን እንደተጠቀለለ ትቼ ወጣሁ። 9:10 በር ላይ ነበርኩ፤ አርባ ደቂቃዋ አምስት ደቂቃ ዋሽታኛለች። አዛዡ ሰዓታቸውን አይተው ምንም አላሉም። አዳራሹ ውስጥ ግን ባለቤቴ ነበረች፤ ሁለት ሳምንት አብራኝ መጥታ ቁጥሩን ይዛዋለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች እስከ አሥር ሰዓት አስጨንቃቸዋለች። ከኔ ይልቅ እሷን ነው የሚፈሯት አሉ።

የወታደር ሚስት ነኝ
ሰኞ፣ ማታ 3:41

ይኸው!

የቱሉ ዲምቱው
ሰኞ፣ ማታ 4:15

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ገልብጬ ሒሳብ አስገብቼበት ሰጠሁ። አዛዣችን ፈረሙልኝ፤ ግን ባለፈው ሐሙስ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። አዲሱ ገና መግባታቸው ነው። በያዝኩት ወረቀት ልቀጥል ወይስ እንደ አዲስ ልጠይቅ? ልጆቹ እሑድ ይጠብቁኛል።

ጡረተኛው ሻምበል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:05

ከእሑድ በፊት የድሮውን ወረቀት ይዘህ ግባና ራስህ አሳያቸው። አዲስ አዛዥ ነገሩን በር ላይ እንዳይሰሙት። እስኪመልሱልህ ድረስ ለልጆቹ ወላጆች ደውልና ይህ እሑድ እንደማይኖር ንገራቸው።

የቱሉ ዲምቱው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:12

እሺ ሻምበል። አሁን በራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው።